ቡቺን ከሞተር ያወረድኩ ቀን

ሰኞ ዕለት የአማርኛ አስተማሪያችን ክፍል ገብተው ቾክ ሳያነሱ፣ አቴንዳንስ ሳይጠሩ፣ በቀጥታ እኔ ወዳለሁበት ዴስክ መጡ። ያጠፋሁት ነገር አለ ብዬ የሳምንቱን ሥራዬን ሁሉ በሐሳቤ መመርመር ጀመርኩ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው፣ ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ እንኳ በደንብ እንዳትሰማ አድርገው፣ «ያንቺ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍቱ በሚያስጠርዘው መድበል ውስጥ ይገባል» አሉኝ። ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። እሺ ያልኩ ይመስለኛል። «ግን አጥሯል» አሉ ቀጥለው። «ሌላ አንድ አምጪ። ይኼኛው ሲበዛ ደስ የሚል ነው። አሁን ደግሞ መጻፍ የማትፈልጊውን ጻፊ።»

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ታክሲ አልያዝኩም። የሽሮ ሜዳን ዳገት በእግሬ ወጣሁት፣ አልደከመኝም። ሱቆቹ በር ላይ የተሰቀሉት ቀሚሶች በነፋስ ሲወዛወዙ የሚያጨበጭቡልኝ ይመስለኝ ነበር። ትስቁ ይሆናል፣ ሳቁ። አስተማሪ ቆንጆ ጽፈሻል ሲል አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፍሽ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ እኛ ከጨረስን በኋላም የማናውቀው ተማሪ ያነበዋል ሲባል ግን ሌላ ነው። እኔ እኮ እስካለፈው ዓመት ድረስ «የክረምት ወቅት» ብዬ ርዕስ ጽፌ ከዚያ በታች የምለው የሚጠፋኝ ልጅ ነበርኩ።

ታዲያ የቤታችንን በር ስገፋ ወሬውን መጀመሪያ ለማን እንደምነግር ሳላስብ እጄ ወደ ታች ዝቅ አለ። በድሮው ቤታችን በር ሲከፈት ከእጄ ሥር የሚገባ ጭንቅላት ነበረ። ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ ማንኛውንም ወሬ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነበር። እጄ ለጥቂት ጊዜ እንደዚያ ባዶውን ተንጠልጥሎ ቆየ። አስተማሪዬ የጠየቁኝ ጽሑፍ የትኛው እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ያ ውሻ ወደ እኛ የመጣው ቁስቋም ዳገቱ ላይ ተከራይተን በምንኖርበት ጊዜ ነው። አባቴ ከእንጦጦ ሲወርድ በዝናብ ተከትሎት መጣ። ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንዱ የተኛ። እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነጠላ እየቋጨች ነበር፤ ሥራዋ እሱ ነው፣ ሸማኔዎቹ ቆርጠው የሚሰጧትን ነጠላ ጫፍ ጫፉን እየፈተለች ትቋጫለች። ቀና ብላ አየችውና እኔንም አባቴንም በአንድ ጊዜ ገሰጸችን።

«ስም እንዳታወጡለት። ስም ያለው ነገር መሸኘት አይቻልም።»

ስለዚህ ቡቺ አልነው። ቡቺ ስም አይደለማ። በእኛ ሰፈር የማያውቁት ሰው «ወንድም» እንደሚባለው፣ የማያውቁት ውሻም ቡቺ ነው የሚባለው። እናቴም በዚህ ተስማማች። ማታ ላይ የተረፈውን እንጀራ ወጥ አስነክታ ስትሰጠው «እንካ ቡቺ» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩ።

አባቴ ሞተረኛ ነው። ከሸማኔዎቹ ቤት ጋቢና ነጠላ እየጫነ ሽሮ ሜዳ ላሉት ሱቆች ያደርሳል። በሥራው የሚኮራበት አንድ ነገር አለ፤ እሱ ያሰረው ጭነት በእንጦጦ ቁልቁለት እንኳ ንቅንቅ አይልም። «አባትሽ የቋጠረውን ራሱ ካልፈታው ማንም አይፈታው» ይሉኛል ባለሱቆቹ። እዚህ ላይ ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ችግሩ የጀመረው ቡቺ ሞተሩን መከተል ሲጀምር ነው። ጠዋት አባቴ ሞተሩን ሲያስነሳ እሱም ይነሳል። ድንጋይ ብንወረውርበት፣ በር ብንዘጋበት፣ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ይደርስበታል። አንድ ቀን እስከ አስፋልቱ ተከትሎት ወረደ። ሚኒባስ መጣ። እኔ ከኋላቸው እየሮጥኩ ነበር፤ የፍሬኑን ድምፅ ሰምቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ቡቺ ከመኪናው ፊት መሬት ላይ ተለጥፎ ተኝቷል፣ ምንም አልሆነም፣ ጅራቱ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ረዳቱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ አባቴ ላይ ጮኸ።

«ሰውዬ፣ ወይ እሰረው ወይ አሳፍረው! ሂሳቡን እኛ ልንከፍልልህ ነው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ሞተሩን ጥግ አቁሞ ቡቺን ታቅፎ ወደ ቤት ተመለሰ። ለሳምንት ያህል አሰርነው። ሞተሩ ከሄደበት ሰዓት ጀምሮ እስኪመለስ ያለቅሳል፤ ውሻ ሲያለቅስ ሰምታችሁ የምታውቁ ከሆነ በዚያው ግቢ ያሉት ጎረቤቶች ምን እንዳሉን መጻፍ አያስፈልገኝም። በመጨረሻ አባቴ እራት ላይ፣ «ረዳቱ ያለው ይሻላል» አለ።

«ምን አለ?» አለች እናቴ።

«አሳፍረው አለ።»

የመጀመሪያውን ሙከራ ሳስታውሰው አሁንም እስቃለሁ፣ ከዚያ ይከፋኛል። አባቴ የሚያውቀው ማሰር ጋቢ ማሰር ነው። ስለዚህ ቡቺን ከሞተሩ ኋላ ባለው የጭነት ብረት ላይ አስተኛው፤ ከጎማ የተቆረጠውን ላስቲክ በሆዱ፣ በጀርባው፣ በእግሩ መካከል አዟዙሮ እንደ ልማዱ ጥብቅ አደረገው። ንቅንቅ አይልም። በኩራት ወደ ኋላ ሄዶ አየው። ቡቺ ዓይኑ ብቻ ይዞራል።

«አባዬ» አልኩት፣ «ጋቢ አይተነፍስም። እሱ ይተነፍሳል።»

ቆም ብሎ አሰበ። እውነቱን ነው የምላችሁ፣ ስንት ዓመት ጭነት ያሰረ ሰው ይሄን ለመቀበል ጊዜ ወሰደበት። «የላላ ጭነት ይወድቃል» አለ። «የጠበቀ ውሻ ደግሞ ይሞታል» አልኩ። ፈታው።

ቀጥሎ በአንገቱ ገመድ አስገብተን ወንበሩ ላይ እናስቀምጠው አልን። ይሄኔ እናቴ ሥራዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ፍሬን ስትይዝ ሰውነቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ አንገቱ ይቀራል። ውሻ ልትወስዱ ነው ልትሰቅሉ?» አለች። ከዚያ ምንም ሳትጨምር ከሸማኔዎቹ የተረፈውን የጋቢ ቁራጭ አወጣችና ቡቺን ጎኗ አቁማ በክር ትለካው ጀመር። ደረቱን ዙሪያ፣ ከፊት እግሮቹ ኋላ ሆዱን ዙሪያ። ድርብርብ አድርጋ ሰፍታ፣ ሁለቱን በጀርባው ላይ አገናኝታ፣ መያዣውንም እዚያው ጀርባው ላይ አደረገችው። ሲሳብ የሚይዘው ደረቱን ነው፣ አንገቱን አይነካም። ጫፉ እንዳይተረተር ብላ ደግሞ ቋጨችው፤ እንደ ነጠላ፣ በሥርዓት።

የሰፈሩ ሰው በዚያ ቋጭ አሾፈብን። «ምነው፣ ጥምቀት ሊወጣ ነው?» ይሉታል ሲያልፍ። «ጥለቱ ቀረው እንጂ ሙሽራ ሆኗል።» ስም እንዳታወጡለት ያለችው ሴትዮ ግን የማያስፈልገውን ጫፍ እንኳ ቋጭታለት ነበር፣ እኔ ይሄን አይቻለሁ።

አባቴ የእንጨት ሳጥን አሠራ። ከጭነቱ ብረት ጋር በቡሎን አጠበቀው፤ ይሄኛው ንቅንቅ ማለት የሌለበት ነገር ነበርና ደስ አለው። ቁመቱ ቡቺ ሲተኛ የሚሸፍነው፣ ሲቀመጥ አንገቱ የሚወጣበት ነው። ወለሉ ላይ መዳፉ እንዳያንሸራትተው የአሮጌ መኪና የጎማ ምንጣፍ አነጠፍንበት። ከማሰሪያው ወደ ሳጥኑ ወለል የሚወርደው ጠፍር አጭር ነው፤ መቀመጥም መተኛትም ይችላል፣ መዝለል ግን አይችልም። እኔ በአባቴና በሳጥኑ መካከል እቀመጣለሁ፣ ሄልሜት አድርጌ፣ አንድ እጄን ወደ ኋላ ልኬ።

ማስተማሩ የእኔ ሥራ ሆነ። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳጥኑ ውስጥ ደረቅ ዳቦ አበላሁት። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ፣ ሳይንቀሳቀስ። ድምፁን ሲለምደው ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ እስከ ኪዮስኩ፣ ከዚያ ራቅ ወዳለው። አባቴ «ትዕዛዙን አንድ ሰው ብቻ ይስጥ» አለ። «ሁለት ትራፊክ የቆመበት መንገድ ሁሌ ይዘጋል።» ስለዚህ የምናገረው እኔ ብቻ ሆንኩ። ውጣ። ተቀመጥ። ውረድ። ጠብቅ።

ውጣና ውረድ ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው፤ የሚግለው የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው፣ በቀኝ ነው፣ የእኔ ባት አሁንም ምልክቱ አለበት። ውረድ የምለው ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የአባቴ ሁለቱም እግሮች መሬት ከነኩ፣ ጠፍሩን ከፈታሁለት በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ድመት ብታልፍ፣ ሥጋ ቢሸት፣ ሌላ ውሻ ቢጮህ አይንቀሳቀስም። በጣም ያስቸገረኝ ትምህርት ይሄ ነበር፣ በጣም የኮራሁበትም ይሄ ነው። ጠብቅ ደግሞ ሱቅ ስገባ ውጭ የሚቀመጥበት ነው። ጠብቅ ብዬ ገብቼ ሳልመለስ ቀርቼ አላውቅም። ስለዚህ በእሱ ቋንቋ ጠብቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እንወጣ ነበር። ዝናብ ካለ አንወጣም፣ ፀሐይ ከበረታም በጠዋት ነው። አባቴ መታጠፊያዎቹ ላይ ሳይደርስ ፍጥነቱን ቀድሞ ይቀንሳል፣ ድንገት ፍሬን አይዝም። ባህር ዛፉ መሽተት ሲጀምር ቡቺ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ዓይኑን ይጨፍናል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ጥግ ይዘው ያሳልፉናል። አንዷ፣ ጀርባዋ ጎብጦ ቀና ማለት ሳትችል፣ ከሥር አየት አድርጋን «ወይ ጉድ፣ እኛ በእግር እሱ በሞተር» አለችና ሳቀች። አባቴ አፈረ። ስንመለስ አገኘናትና ሸክሟን እስከ ታች አደረሰላት፤ እኔና ቡቺ በእግራችን ወረድን። ከዚያ በኋላ ባገኘችን ቁጥር ለቡቺ ነው ሰላምታ የምትሰጠው። «ደህና ዋልክ ጌታው?»

በቃ፣ ደስ የሚለው ክፍል እዚህ ላይ ያበቃል።

አከራያችን ግቢውን አፍርሰው ፎቅ ሊሠሩበት ሆነ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ቀደም ብለው ነው የነገሩን። ቤት ፍለጋ ወጣን። ቤት ፈልጋችሁ ከሆነ ጥያቄዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ስንት ናችሁ? ልጅ አለ? ውኃ ታበዛላችሁ? እንግዳ ይበዛባችኋል? ሽሮ ሜዳ ያገኘነው ቤት ሁሉን ያሟላ ነበር፣ ለአባቴ ሥራ ቅርብ፣ ለእኔ ትምህርት ቤት ከድሮው የሚቀርብ። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ሞተሩን በር ላይ ሲያዩ ጠየቁ።

«ማታ ማታ ግቢ ይገባል ይሄ?»

«ይገባል፣ ከፈቀዱልን» አለች እናቴ።

«ይግባ። ውሻስ አላችሁ?»

እናቴ ዞራ እኔን አየችኝ። ለመዋሸት ፈልጋ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ለመዋሸት የሚሆን ፊት ግን የላትም። ሴትየዋ ገባቸው። ቀሚሳቸውን ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ አድርገው የቆየ፣ የተሸበሸበ ጠባሳ አሳዩን። «ሞተሩ ይግባ» አሉ። «ውሻው አይገባም። አትቀየሙኝ ልጆቼ፣ ድምፁን ስሰማ ጉልበቴ ይከዳኛል።» ማንን ልቀየም? ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ጎረቤት ጠየቅን። የቁስቋም ማርያምን ዘበኛ ጠየቅን፣ «አንድ ውሻ አለኝ፣ ከሱ ጋር ይጣላል» አሉ። ሌላም ቤት ፈለግን፤ ውሻ የሚፈቅደው ቤት እኛን የሚፈቅድ አልነበረም። መጨረሻ ላይ አባቴ ለታላቅ ወንድሙ ደወለ። እሳቸው ከእንጦጦ ወዲያ ማዶ፣ አባቴ የተወለደበት ቀዬ ነው የሚኖሩት። በኦሮምኛ ነው ያወሩት። ሁሉን ባልሰማም አንዱን ሰምቻለሁ፤ በጎች አሉ፣ ውሻ ያስፈልጋል። ለእሱ መልካም ነው። ሜዳ አለ፣ ሥራ አለ፣ አከራይ የለም። ይሄን ሁሉ ለራሴ ነግሬያለሁ።

የሄድንበት ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እናቴ ቁርስ አልቀመሰችም። ማሰሪያውን እሷው አጠለቀችለት፣ መጋጠሚያዎቹን ጎተት ጎተት እያደረገች አየቻቸው፣ እንደገና አየቻቸው። «እዚያ ስትደርሱ ፍቱለት» አለችኝ። «ቁጥቋጦ ውስጥ ሲሮጥ ይይዝበታል።» ከዚያ ወደ ቤት ገባች። ቡቺ ውጣ እስክለው ድረስ የቆመው በግድ ነው፣ ደስታው ጅራቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ወገቡ ሁሉ ላይ ነበር። ቅዳሜ መስሎታል። ውጣ አልኩት፣ በግራ በኩል ዘለለና ቦታው ተቀመጠ። በዓለም ላይ ያለ ደስተኛ ፍጡር ሁሉ እንደ እሱ ምንም ሳያውቅ ነው ደስ የሚለው ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ቡቺ ከእንጦጦ ጫፍ ወዲያ አልፎ አያውቅም ነበር። ጫፉን አልፈን ከተማው ከኋላችን ሲጠፋ አዲስ ሽታ መጣ፤ የእበት፣ የእርጥብ ሣር፣ የጭድ። አገጩን ትከሻዬ ላይ አስደግፎ አየሩን ያሸታል። አባቴ እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም። አሸዋ የጫኑ ሲኖዎች ጥሩንባ እያንባረቁ ያልፉናል፣ ሞተሩን እያወዛወዙት። ቡቺን ላለማስደንገጥ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ቀስታ አያስፈልግም ነበር። የአባቴን ጀርባ ይዤ ስለነበር የሚተነፍሰው ሁሉ ይሰማኝ ነበር፤ እሱም መድረስ አልፈለገም።

ደረስን። የአባቴ ወንድም ከእነ በትራቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። አባቴ ሞተሩን አጠፋ። ሁለቱንም እግሮቹን መሬት አስረገጠ። እኔ ወረድኩ፣ ጠፍሩን ፈታሁ። ውረድ ግን አላልኩም።

«ኮቱ» አሉት እሳቸው፣ ና ማለታቸው ነው። ቡቺ አያቸው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። አልወረደም። ምላሳቸውን ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ጠሩት። ከቤት አጥንት አስመጥተው አሳዩት። አፍንጫው ተንቀሳቀሰ፣ እሱ አልተንቀሳቀሰም።

«ይሄ ነገር ታሟል እንዴ?» አሉ ወደ አባቴ ዞረው።

«አልታመመም ጋሼ። ፈቃድ እየጠበቀ ነው።»

«የማንን ፈቃድ?»

አባቴ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። እሳቸው ሳቁ። «እኔ ስንት ልጅ አሳድጌ እንዲህ የሚሰማኝ አላገኘሁም፣ እስቲ መምህሩን አሳዩኝ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ሄልሜቴን አላወለቅኩም ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ምን እንዳዩ እንጃ፣ ሳቃቸው ቆመ። በትራቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛውረው መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር።

ከዚያ ሁሉም ሰው እኔን ጠበቀ። ቡቺም። ይሄን ሁሉ ወር ያስተማርኩት እንዳይጎዳ ነው፤ እኔ ካላልኩት እንዳይወርድ። ከእኔ በቀር ማንም ሊያወርደው የማይችል ውሻ አደረግኩት። ስለዚህ እሱን ለሰው የመስጠቱን ሥራ አባቴ ሊሠራልኝ አይችልም፣ አጎቴም ሊሠሩልኝ አይችሉም። ዝም ብል አብሮኝ ይመለሳል። ግን ወዴት? በሩ ላይ ጉልበታቸው የሚከዳቸው ሴት አሉ።

«ውረድ» አልኩት። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። እሱ ግን ሰማኝ። በግራ በኩል ወረደ፣ እንዳስተማርኩት፣ ከማርሚታው ርቆ።

ማሰሪያውን ፈታሁለት። አጥንቱን በላ። በጎቹን አሸተተ፣ አንዷ በግንባሯ ገፋችውና ደነገጠ፣ ሁላችንም ሳቅን። ወተት ጠጣን። ደህና እየሆነ ነው ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር። ከዚያ አባቴ ተነስቶ ሞተሩን አስነሳ፣ ቡቺም በጎቹን ትቶ ሮጦ መጣና ከኋላ ጎማው አጠገብ፣ በግራ በኩል፣ በቦታው ቆመ። ሳጥኑን አየ። እኔን አየ። ውጣ በይኝ ነው።

«ጠብቅ በይው» አለኝ አባቴ።

«አልልም።»

«ካላልሽው ይከተለናል። መንገዱን አይተሻል።»

«አባዬ፣ እሱ እኮ ጠብቅ ማለት ተመልሳ ትመጣለች ማለት ነው የሚመስለው።»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ። የሄልሜቱን መስታወት ወደ ታች አወረደው። በዚያ ውስጥ ሆኖ ደግሞ «አውቃለሁ ልጄ» አለ።

ሲኖ መኪና ከታች ሲያጓራ ይሰማ ነበር። ጠብቅ አልኩት። ተቀመጠ።

በስፖኪዮው ውስጥ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ አየሁት፤ አልተነሳም፣ አልጮኸም፣ አንዱ ጆሮው ቆሞ ተቀምጧል። ሳጥኑ ባዶ ሲሆን እንደሚንኳኳ አላውቅም ነበር። እስከ ቁስቋም ድረስ ከጀርባዬ ሲንኳኳ መጣ፣ አባቴም ቆሞ ለማጥበቅ አልሞከረም።

አጎቴ እየደወሉ ይነግሩን ነበር። እዚያው ቦታ ላይ ነው ያለው አሉ። ምግቡን እዚያው እንወስድለታለን። ዝናብ ስለመጣ ቆርቆሮ አቆምንለት። ሞተር ባለፈ ቁጥር ይነሳል፣ ከዚያ ይቀመጣል። እኔ ስልኩ ላይ ላናግረው ብዬ ለመንኩ፤ አባቴ «ድምፅሽን ሰምቶ ካጣሽ ይብስበታል» አለ፣ ትክክል ነበር። ቆይቶ ደግሞ፣ ዛሬ እስከ በጎቹ ጉሮኖ መጣ አሉ። ዛሬ ከእረኛው ጋር ወረደ። ዛሬ ኮቱ ስለው መጣ።

ክረምቱ ሲወጣ ሄድን። ማሰሪያውን ይዤ ነበር፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቃችሁኝም፣ እኔም አልነግራችሁም። ወፍሯል። ፀጉሩ አብረቅርቋል። ሞተሩን ሲሰማ ከሩቅ ሮጦ መጣ፣ እጄን አሸተተ፣ ጭንቅላቱን ከእጄ ሥር አስገባ፣ ለረጅም ጊዜም እዚያው ተወው። አለቀስኩ፣ እሱ ታገሠኝ። ልንሄድ አባቴ ሞተሩን ሲያስነሳ ግን ቦታው ላይ መጥቶ አልቆመም። አንዱን ጆሮውን አቁሞ ተመለከተን። ከዚያ አጎቴ ከማዶ «ኮቱ!» ሲሉ ዞሮ ሄደ።

ይሄን ነበር የፈለግነው። አስፋልት ላይ እንዳይከተለን፣ ሳይጎዳ እንዲኖር። ሆኗል። ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ብሎኛልም። ግን ያ ደስታዬ እስከ እንጦጦ ጫፍ ድረስ የአባቴን ጃኬት ጀርባ አርሶታል።

ይሄን ጽሑፍ ትናንት ለእናቴ አነበብኩላት። እጇ ነጠላው ላይ ቆሞ ሰማችኝ። ስጨርስ «ስም እንዳታወጡለት ብዬ ነበር» አለች፣ ቆየት ብላም «ለካ ባይኖረውም ያው ነው» አለች። ከዚያ ተነስታ ከአልጋው ሥር ማሰሪያውን አወጣች። ሁሉን የምታጥብ ሴት አላጠበችውም፤ ቡናማ ፀጉሮቹ ከነ ቋጩ እንዳሉ ናቸው። ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና «ልጄ ደራሲ ሆነችልኝ» ብላ ለጎረቤት ልትናገር ወጣች። ሁለታችንም በአንድ ቀን እንዲህ ደስ ብሎንም ከፍቶንም አያውቅም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በሰፈራችን ሞተር በዝቷል፣ ውሻም እንደዚያው። ከሞተር ኋላ በአስፋልት የሚሮጥ ውሻ አያለሁ፤ ባለፈው ደግሞ አንዱ ሞተረኛ ውሻውን በጉልበቶቹ መካከል አስቀምጦ፣ በአንገቱ ገመድ አስሮ ሲያልፍ አይቼ ልጮህበት ስል ታጥፎ ጠፋ። ይሄን የምታነቡ፣ ወይም ወንድማችሁ ወይም አባታችሁ ሞተር ያለው፣ ውሻም የሚከተላችሁ ከሆነ ወደ ሽሮ ሜዳ ኑ። ከሸማኔዎቹ ጋቢ የሚያመላልሰው ሞተረኛ ቤት በሉ፣ ያሳዩአችኋል። አከራያችን የከለከሉት ግቢያቸውን ነው፣ መንገዱ የእሳቸው አይደለም። ስለዚህ ውሻችሁን ይዛችሁ ከበሩ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ጥሩኝ። ሳጥኑንም ማሰሪያውንም ይዤ እወጣለሁ። አባቴ ቡሎኑን ያሳያችኋል፣ እናቴ ደረቱን ትለካለታለች፣ ውጣና ውረድን እኔ አብሬያችሁ አስተምረዋለሁ። ስትጠሩኝ ግን መጀመሪያ የውሻችሁን ስም ንገሩኝ።